አባባ ከኦፕራሲዮን በኋላ ሰው መለየት አቃታቸው፤ የመርሳት በሽታ ነው?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባባ ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው። ዘጌ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ባሕር ዳር ኦፕራሲዮን ሆኑ። እስከዚያ ድረስ የማኅበሩን ተራ፣ የማን ብድር ማን ላይ እንዳለ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። በሁለተኛው ሌሊት "ታንኳው ጥሎኝ ሊሄድ ነው" እያሉ ጉሉኮሱን ነቀሉት፤ እኔን በሟች አክስቴ ስም ጠሩኝ። ጠዋት ደህና ይሆናሉ፣ ሲመሽ ይብስባቸዋል። ተረኛው "እርጅና ነው" ብሎ አለፈ። ዘመድ አስወጥተን ጠበል እንውሰዳቸው ይላል። አጠገባቸው የተኛው የባጃጅ አደጋ የደረሰበት ልጅም ያንኑ ጥያቄ ይደጋግማል። የሁለቱ አንድ ነው?

መልስ 1 (ነርስ)፦ ምሕረቱን ይላክላቸው እህቴ። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። በአንድ ሌሊት የመጣ፣ ጠዋት ለቆ ማታ የሚብስ ከሆነ ዴሊሪየም የሚባለው፣ ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር ነው፤ ሽማግሌዎች ላይ ከዳሌ ስብራት በኋላ በብዛት እናየዋለን። መንስኤው መፈለግ አለበት፦ ኢንፌክሽን፣ ያልታገሠ ሕመም፣ የውሃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መታገድ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት። ትኩሳት ካላቸው የወባ ምርመራም ይጠየቅ፣ የጣና ዳር ሰው ናቸውና። "እርጅና ነው" መልስ አይደለም። ነገ በራውንድ ሰዓት ለሐኪሙ "ከትናንት ወዲህ ተለወጡ" በይው፤ ትልቁ ፍንጭ ያ ነው። መነጽራቸውን አምጪ፣ ቀን መጋረጃው ይከፈት፣ ከተፈቀደ ይቀመጡ፣ ማታ የሚያውቁት ሰው ይደርባቸው። አትከራከሪያቸው፤ ስምሽንና ያሉበትን ረጋ ብለሽ ንገሪያቸው።

መልስ 2፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ አባባ አረቄ ይወስዱ ነበር? ካለ ሳታፍሪ ተናገሪ። ወንድሜ የዘወትር ጠጪ ነበር፤ ሆስፒታል ተኝቶ መጠጡ ሲቋረጥ በሁለተኛ ሦስተኛው ቀን ተንቀጠቀጠ፣ የሌለ ነገር ያይ ጀመር። ሐኪሙ ከጉሉኮሱ በፊት ቫይታሚን ቢ 1 በመርፌ አዘዘለት። ነፍሱ ተረፈች እንጂ የአዲስ ነገር ትዝታው አልተመለሰም። አልጋው ላይ ሆኖ "ዛሬ የት ዋልክ?" ስትለው "ጎርጎራ፣ ዓሣ ስናወጣ" ይልሃል። ውሸት መስሎን እንቆጣው ነበር፤ ለካ የጠፋበትን ቦታ አእምሮው በራሱ እየሞላው ነው።

መልስ 1፦ ልክ ነህ። ዲያዜፓም የሚባለው ማስተኛ ለመጠጥ መቋረጥ መድኃኒት ነው፤ ለሌላው ዴሊሪየም ግን ብዙ ጊዜ ያባብሳል። "ማስተኛ ስጡልኝ" ብላችሁ ተረኛውን አታስጨንቁት።

መልስ 3፦ እናቴን ሰባት ዓመት አስታምሜያለሁ። ዴሊሪየም ነው ብላችሁ ግን አትዝጉት። የእማማንም የመርሳት በሽታ ቀድሞ የገለጠው የሆስፒታል አልጋ ነው፤ ቤት ውስጥ ወጡን ሁለቴ ጨው ስታደርግ ዝም ብለን ነበር። አባባ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ካልጠራላቸው ይታዩ፤ የታይሮይድና የቢ 12 ማነስም ያስረሳል፣ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ጠበሉን በተመለከተ፣ ካህን አልጋቸው ድረስ መጥቶ ይርጫቸው፤ ከነኢንፌክሽናቸው ከማስወጣት ይሻላል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሽንታቸው ታግዶ ኖሯል፤ ቱቦ ሲገባላቸው ብዙ ወጣ። ዛሬ ስሜን ጠርተው ቡናውን ማን እንደለቀመ ጠየቁኝ፤ ማታ ግን አሁንም ትንሽ ይቃዣሉ። የባጃጁስ ልጅ?

መልስ 1፦ መቃዠቱ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የልጁ የጭንቅላት አደጋ ስለሆነ ሌላ ነው፤ አደጋውን ማስታወስ ላይችል ይችላል፣ የቀረው ግን አብዛኛውን ጊዜ እየጠራ ይሄዳል። እንቅልፍ ከከበደው፣ ደጋግሞ ካስታወከ ወይም አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ግን ጠዋት ድረስ አትጠብቂ፣ ተረኛውን ቀስቅሺ።