የግመል ጡት ጠጥሮ ወተቱ ፍርፍር ይላል፤ ጀርሙ ከየት ነው የሚገባው?

የቀወት አርቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሸዋ ሮቢት በታች ቆላው ላይ የምትውል ግመል ናት፣ ከወለደች ሦስት ወሯ። የኋላ ግራ ጡቷ ጠጥሯል፣ ሲነኩት ትራገጣለች፤ ወተቱ ቢጫ ሆኖ እንደ አይብ ፍርፍር ይላል። ሦስቱ ጡቶች ደህና ናቸው፤ አብረዋት የሚውሉትም ምንም የላቸው። አንዱ ምች ነው ይላል፣ ሌላው የውሃው ነው ይላል። ለላም የሚሸጠውን፣ በጡት ቀዳዳ የሚገባውን የመድኃኒት ቱቦ ብሰጣትስ?

ቆላ ቬት፦
ውሃውንም ምቹንም ተወው፤ የጡት በሽታ ነው። ግመል ላይ በብዛት የሚገኙት ጀርሞች ስታፊሎኮከስ አውሬስ (ስታፍ) እና ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲዬ ናቸው። የሚገቡት በጡት ጫፍ ቀዳዳ ነው፤ የሚኖሩትም በታመመ ጡት፣ በቆሰለ ቆዳና በአላቢ እጅ ላይ።

መጀመሪያ ብሽሽቷንና የጡቷን ሥር ለመዥገር ፈትሽ። መዥገር ተጎትቶ ሲነቀል አፉ ቆዳ ውስጥ ይቀርና ቁስል ይሆናል፤ ስታፉ እዚያ ይራባል። አላቢው ደግሞ መዥገሩን በጥፍሩ ጨፍልቆ በዚያው እጁ ማለቡን ይቀጥላል። ገጣባ ካላትም እንደዚሁ፤ መግል የነካ እጅ ጡት አይንካ። ግልገሉ እንዳይጠባ ጡቷን በልጥ ወይም በገመድ ታስራላችሁ? ማሰሪያው ጫፉን ይልጠዋል፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ከዞረማ በሽታውን በእጃችሁ አዛወራችሁት።

በጥቂት ውሃ አጥቦ እርጥቡን መተው ካለማጠብ ይብሳል፦ እድፉ ወርዶ ጫፉ ላይ ይንጠለጠላል። ውሃ ካጠረ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል፣ ለየግመሏ የየራሷ ጨርቅ። ደህናዎቹ ቀድመው፣ የታመመችው መጨረሻ ትታለብ።

የላቦራቶሪ ሰው፦
«ሦስቱ ደህና ናቸው» ያልከውን በዓይን ብቻ አትመን። ካሊፎርኒያ ማስታይተስ ቴስት የሚባለው የጡት በሽታ መመርመሪያ ርካሽ ነው፤ ከየጡቱ 2 ሚሊ ሊትር ወተት በሳህኑ በየጉድጓዱ፣ በላዩ ያንኑ ያህል የመመርመሪያው ፈሳሽ፣ ከዚያ 10 ሰከንድ ሳህኑን ማዞር። እንደ ተልባ ከተሳበ ጡቱ ታሟል።

አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ናሙና ይወሰድ። ጫፉን በ70 ፐርሰንት አልኮል ጥረግ፣ የመጀመሪያውን ወተት በዕቃ ተቀብለህ አስወግድ (መሬት ላይ አይፈስስም)፣ ከዚያ ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ እለብ። በበረዶ ይዘህ በ24 ሰዓት ውስጥ ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ አድርስ። ስታፍ አውሬስ ብዙ ጊዜ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ስለሚያመነጭ በግምት መውጋት ገንዘብ መጣል ነው።

ቆላ ቬት፦
ቱቦውን ረስቼው ነበር፦ አትስጣት። የላም ጡት ጫፍ አንድ ቀዳዳ ነው፤ የግመል ግን ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዱም ከሌላው የማይገናኝ የራሱ ጓዳ አለው። የላሙ ቱቦ አፍ ወፍሮ ቀጭኑን ቀዳዳ ይቀድዳል፤ ቢገባም አንዱን ጓዳ ያክማል፣ ሌላው እንደታመመ ይቀራል። ሐኪም በመርፌ ይስጣት፤ እስከዚያ የታመመውን ጡት በቀን ደጋግመህ አሟጥጠህ እለብ። መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ወተቱ አይጠጣም።

የአርጎባው፦
ከመንጋው ያስወረደች ካለች ብሩሴላ የሚባለው የሚያስወርድ ጀርምም ይመርመር። እርሱ በጽንስ ውሃና በእንግዴ ልጅ ይተላለፋል፤ ወደ ሰው ደግሞ በጥሬ ወተት። ዕቃውን በወይራ ማጠን ለጣዕሙ ደግ ነው፣ ብሩሴላን ግን የሚገድለው ማፍላት ነው።

የቀወት አርቢ፦
በልጥ ነው የምናስረው፤ ለሁለት ግመል አንድ ልጥ። ሁለተኛዋንም በቴስቱ አያታለሁ።