ጎንደር ላይ እንጨት ይዞ የሚወጣ ኦርኪድ፦ የትኛው ይሻላል?

አደይ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በረንዳ ላይ 2 ሜትር እንጨት አቁሜ ኦርኪድ ላስወጣበት አስቤያለሁ። ቦታው የጠዋት ፀሐይ እስከ 5 ሰዓት ያገኛል፣ ከዚያ ጥላ ነው። ቫኒላ፣ ሬናንቴራ ወይስ ኤፒደንድረም? እጄ ላይ ያለው የባህር ዛፍ እንጨት ነው፣ ይሆናል?

ችግኝ ወዳድ፦
ሬናንቴራን እርሺው። እሱም ዘመዱ አራክኒስ የሚባለው ኦርኪድም የቆላ ተክሎች ናቸው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ሥራቸው ማደጉን ያቆማል። ፀሐይም ቀኑን ሙሉ ይፈልጋሉ፣ ያንቺ በረንዳ ግማሽ ቀን ነው።

ቫኒላ ጥላውን ይወደዋል፣ ብርዱን ግን አይችልም። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሰነብት ቅጠሉ ይገረጣል፣ ሐረጉ ከሥሩ መበስበስ ይጀምራል። ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ይኖራል፤ ግን 3 ሜትር ገደማ ሳይረዝም አበባ አትጠብቂ። ሲያብብም አንዷ አበባ ለአንድ ቀን ናት፤ ፍሬ ከተፈለገ ጠዋት በስንጥር ገልጦ ብናኙን በእጅ ማገናኘት ነው። በ1841 ሬዩኒየን ደሴት ላይ ኤድሞንድ አልቢየስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ያገኘው ዘዴ ዛሬም ያው ነው።

ላንቺ ቦታ ኤፒደንድረም ራዲካንስ። ብርቱካናማ አበባ ያለው፣ ከሜክሲኮ እስከ ኮሎምቢያ በፀሐያማ ተዳፋት የሚበቅል ነው። ልብ በይ፣ እንደ ሐረግ አይጠመጠምም። ቀጭን አገዳው ዘንበል እያለ ከየአንጓው ነጭ ሥር ይሰዳል፣ የሚይዘውም በዚያ ነው። ማሰሩ የሰው ሥራ ነው።

ጥድ እንጨት፦
ባህር ዛፉን ተይው። ቅርፊቱ እየተላጠ ሲወድቅ የያዘውን ሥር ይዞ ይወርዳል፤ ልጠሽ ብታቆሚው ደግሞ ይለሰልሳል፣ ሥር መቆናጠጫ ያጣል። የአበሻ ጥድ ወይም ሸካራ ቅርፊት ያለው ወይራ ፈልጊ፣ ውፍረቱ 8–10 ሳንቲ ሜትር። ጥድ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም።

በረንዳ ላይ መቆፈር ስለማይቻል የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ይበቃል። ታቹን 10 ቦታ ብሺው፣ እንጨቱን አቁሚና የባልዲውን ሲሶ በትልልቅ ድንጋይ ሞልተሽ አጥብቂው። ቀሪውን ቦታ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ቀይ ጠጠርና አውራ ጣት በሚያክል ከሰል ሙዪው፣ ሁለት እጅ ጠጠር በአንድ እጅ ከሰል። አፈር አይግባ። አናቱን ከጣሪያው ወራጅ ጋር በሽቦ እሰሪው፣ አለበለዚያ ተክሉ ሲከብድ ባልዲው ይገለበጣል።

እንጨቱን በኮኮናት ቃጫ 2 ሳንቲ ሜትር አልብሺው፣ በበጋ እርጥበት ይይዛል።

ክረምት በጎንደር፦
በመጨረሻው አልስማማም። በጋውን ይጠቅማል፣ እውነት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ያ ልባስ ሳይደርቅ ሳምንት ይከርምና ሥሩ ይጠቁራል። ማልበስ ከሆነ ከታች 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ ከዚያ በላይ ባዶ ቅርፊት።

አደይ፦
አመሰግናለሁ። ስንት ቁራጭ ልትከል? ውሃውስ? ቧንቧ አንዳንዴ ሳምንት ይጠፋል።

ጥድ እንጨት፦
ስለ ልባሱ «ክረምት በጎንደር» ያለው ትክክል ነው፣ 60 ሳንቲ ሜትሩ ይበቃል።

5 ወይም 6 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት የራሱ ሥር ያለው። ዙሪያውን አቁሚና በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በአሮጌ ስቶኪንግ ቁራጭ ላላ አድርገሽ እሰሪ። ሽቦ አገዳውን ይቆርጠዋል። አበባው ሲረግፍ አገዳውን ለመቁረጥ አትቸኩዪ፤ ከአናቱ ትንንሽ ልጆች ያወጣል፣ የሚቀጥለው ተክል እነሱ ናቸው።

ውሃውን ሥሩ ይነግርሻል። ሲጠማ እንደ ብር ነጭ ነው፣ ውሃ ሲነካው እዚያው እያየሽው አረንጓዴ ይሆናል። ነጭ ሆኖ ካየሽው ጠዋት አጠጪ፤ መጋቢትና ሚያዝያ በየቀኑ ሊሆን ይችላል። ከጣሪያ የወረደ የክረምት ውሃ በሮቶ ከተጠራቀመ እሱን የመሰለ የለም።

ችግኝ ወዳድ፦
ማዳበሪያ፦ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ 20-20-20 (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም እኩል ያለው)፣ ግማሽ ግራም በሊትር፣ በ15 ቀን አንዴ። ዩሪያ ፍሬውን ባልዲው ላይ መበተን የለም፤ የሥሩ ጫፍ በሳምንት ውስጥ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ቅጠሉ ቀላ ቢል ፀሐይ ነው፣ ምንም አይደል። ነጭ ደረቅ ቁስል ካወጣ ግን ተቃጥሏል፣ ሻሽ ጋርጂለት። በክረምት ማታ ማታ ባትሪ ይዘሽ ቀንድ አውጣ ልቀሚ፤ ለስላሳዋን የሥር ጫፍ ነው የሚጀምራት።