ችብሃን «ፋይከስ ቶኒንጊ» ያላት ማነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። የችብሃን ሳይንሳዊ ስም አይቼ ግራ ገባኝ፤ «ፋይከስ ቶኒንጊ» ይላል። ፋይከስ በላቲን በለስ ነው (ቁልቋሉ አይደለም፣ የሾላ ዘመድ የሆነው)። ቶኒንጊስ? ደግሞ ሌላውን ዛፍ አንቃ ትገድላለች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የሰው ስም ነው። ፒተር ቶኒንግ የሚባል ዴንማርካዊ፣ በፈረንጆቹ ከ1799 እስከ 1803 ዛሬ ጋና በምንለው ጠረፍ እፅዋት ሰብስቧል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» በላቲን «የእሱ» እንደማለት ናት። ስሙን ያወጣላት ግን ብሉም የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፣ በ1836።

ማነቁ እውነት ነው። ወፍ ፍሬዋን በልታ ዘሩን ከሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ትጥላለች። ችብሃ እዚያው በቅላ ሥሯን ቁልቁል ትለቃለች። ሥሩ አፈር ካገኘ በኋላ ማን ይችላታል! ሥሮቿ ይወፍራሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ግንዱን ዙሪያውን ጠፍረው ይይዙታል። ከላይ ደግሞ ቅጠሏ ፀሐይ ይነሳዋል። የተሸከማት ዛፍ ሞቶ ሲበሰብስ መሃሉ ባዶ የሆነ ግንድ ይቀራል።

ሌላ ተሳታፊ፦ ልጨምር። «ፋይከስ ዴክዴኬና» የሚባል ስምም ነበራት። ፈረንሳዊው ሪሻር ስለ ሐበሻ እፅዋት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ግን ከብሉም በኋላ ነው የታተመው፤ በሥነ ዕፅዋት ሕግ ደግሞ ቀድሞ የታተመ ስም ያሸንፋል። ዴክዴኬና ላቲን እንዳልሆነ ጆሮ ራሱ ይመሰክራል። ከአገሬው አፍ የተወሰደ ይመስለኛል፤ መቅረቱ ያሳዝናል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዋርካስ?

መልስ፦ «ፋይከስ ቫስታ»። ቫስታ ግዙፍ፣ ሰፊ ማለት ነው፤ ልክክ ያለ ስም። ያወጣው ፎርስኮል፣ የሳይንሳዊ ስም አወጣጥን ሥርዓት የዘረጋው የሊኒየስ ተማሪ፣ በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ጽሑፉን በ1775 ያሳተመለት የጉዞ ጓደኛው ኒቡር ነው።

ሌላ ተሳታፊ፦ «አናቂ» እያላችሁ ስሟን አታጥፉ እንጂ! ትግራይ፣ አሕፈሮም አካባቢ ገበሬው ቅርንጫፏን ቆርጦ ይተክላታል፤ ቅጠሏ ለከብት መኖ ነው። መሬት ላይ ከተተከለች ማንንም አታንቅም። በኦሮምኛ ደግሞ ደምቢ ትባላለች። ከኦዳ ጋር አታምታቷት፤ ኦዳ ሾላው ነው።