10ኛ ክፍል ፓይተን፦ ኮዱን ይገለብጣሉ፣ ራሳቸው ግን አይጽፉም

ጠመኔ፦
በአንድ ክፍል 54 ተማሪ፣ የሚሠራ ኮምፒውተር 18፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ኢንተርኔት የለም። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነው የማስተምረው። እስከ ኢፍ ("እንዲህ ከሆነ" የሚለው ትእዛዝ) ድረስ ደህና ነበሩ። ሉፕ (ትእዛዝን ደጋግሞ የሚያሠራው) ላይ ግን ከሰሌዳ አሳምረው ይገለብጣሉ፤ "እስቲ ትንሽ ለውጣችሁ ሥሩት" ሲባሉ ዝም ነው። በዚያ ላይ ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ 7 ስለሆኑ አዲሱ ፓይተን አልጫንም ብሏል። ምን ይሻላል?

ባዶ_ስፔስ፦
መምህር፣ ከመጫኑ ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው እስከ ፓይተን 3.8 ያለው ብቻ ነው። ለጀማሪ ግን ቶኒ (Thonny) 3.3 የሚባለው የፓይተን መጻፊያ ፕሮግራም ይበልጥ ያመቻል፤ ፓይተን 3.7ን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ በፍላሽ እያዞሩ መጫን ነው።

ወደ ሉፑ ስንመጣ፣ የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ማንም ኪቦርድ አይንካ። ሰሌዳው ላይ አራት መስመር ይጻፉ፦ ድምር = 0፤ ቀጥሎ ቁጥርን በራንጅ(1, 5) የሚያዞር ፎር (የሉፕ ትእዛዝ ነው)፤ ከሥሩ አራት ስፔስ ገባ ብሎ ድምር = ድምር + ቁጥር፤ መጨረሻ ላይ ወደ ዳር ተመልሶ ድምርን የሚያትም ፕሪንት። ተማሪው ደብተሩ ላይ "ቁጥር" እና "ድምር" የሚሉ ሁለት ዓምዶች አስምሮ መልሱን በእስክሪብቶ ይገምት። ብዙው 15 ይላል፤ 5ትም ይቆጠራል ብሎ ነው። ራንጅ ግን 4 ላይ ይቆማል፤ ድምሩ 1፣ 3፣ 6፣ 10 እያለ ይሄዳል። ከዚያ ቶኒ ላይ የቫሪያብል (እንደ "ድምር" ያለ ዋጋ የሚይዝ ስም) መስኮቱን ከፍቶ፣ ኮንትሮልና ኤፍ5 ተጭኖ፣ በኤፍ7 ደረጃ በደረጃ እየሄደ ከደብተሩ ጋር ያመሳክር። ግምቱ ሳይጻፍ ኮዱ ከተነሳ ትምህርቱ የለም፤ ሁሉም "እኔም 10 ብዬ ነበር" ይላል።

ቀጥሎ ፕሪንቱን አራት ስፔስ ያስገቡት፤ አራት ጊዜ ያትማል። ለምን? እሱን ራሳቸው ይመልሱ። ከዚያ ድምሩን ወደ ብዜት እንዲለውጡ ይዘዙ። መነሻውን 0 ትተው መልሱ 0 ሲሆንባቸው ነው ያ የመጀመሪያ መስመር ምን እንደሚሠራ የሚገባቸው።

ሦስት ሦስት ሆነው ሲቀመጡ አንዱ ይተይብ፣ አንዱ ይንገረው፣ አንዱ ሠንጠረዡን ይሙላ። በየ8 ደቂቃው ይቀያየሩ፤ አለዚያ ጎበዙ ኪቦርዱን አይለቅም።

ሀሌታ፦
ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በአማርኛ ይቀበላል፤ ከላይ ያለው "ድምር" እንዳለ ይሠራል። ግን ሁለት ወጥመድ አለ። ተማሪው ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ የፎሩ መጨረሻ ላይ የእንግሊዝኛውን ኮለን (:) ትቶ "፡" ይመታል። ፓይተን 3.7 ደግሞ ስሙ ውስጥ የማይፈቀድ ፊደል አለ ብሎ ይጮሃል፤ ልጁ ደህናውን ስም ሲያርም ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ሁለተኛው ሞክሼ (ድምፃቸው አንድ፣ ቅርጻቸው የተለያየ) ፊደል ነው፦ አንድ ቦታ "ሥራ"፣ ሌላ ቦታ "ስራ" ካለ ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ቫሪያብሎች ናቸው። "ዋጋ"፣ "ቁጥር"፣ "ብዛት" ዓይነት ሞክሼ የሌላቸውን ስሞች ይምረጡ።

ጠመኔ፦
አመሰግናለሁ። 54 ልጅ በ18 ማሽን እንዴት ይፈተናል?

ባዶ_ስፔስ፦
በወረቀት። ባለ ስድስት መስመር ኮድ አዘበራርቀው ያትሙ፤ አንድ ትርፍ የተሳሳተ መስመር ይጨምሩበት። ተማሪው ቅደም ተከተሉን ያስተካክል፣ የትኛው መስመር ገባ እንደሚል ያሳይ፣ ትርፉን ይሰርዝ። ገባ ማለቱን ለብቻው ነጥብ ይስጡት፤ ብዙው የሚስተው እዚያ ነው።