«ግሸን ምስክር ነው» ለተባለው

አምባሰል
ጠዋት እዚህ የተለጠፈውን አነበብሁት። «አሜሪካ ውስጥ የቤተ እምነት አባል ነኝ የሚለው በፈረንጅ 1999 ከመቶ 70 ነበር፣ በ2020 ወደ 47 ወርዷል፤ ፈረንጅ ሃይማኖቱን ጣለ፣ ለእኛ ግን ግሸን ምስክር ነው» ይላል። መስከረም 21 ለንግሥ በዓሉ ግሸን ማርያም የሚወጣው ሕዝብ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ነው፤ በማግሥቱ ወደየአገሩ ይመለሳል። የእኛን አጥቢያ ማወቅ የፈለገ ጥቅምት ውስጥ በተራ እሑድ ማን እንደቀደሰ ይጠይቅ።

የደሴ ልጅ
የለጠፍሁት እኔ ነኝ፣ ከቃሌም ንቅንቅ አልልም። አሜሪካዊው ራሱ ተመዝግቦ ይገባል፣ ሲሰለቸው ይወጣል። እኛ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀን የገባን ነን፤ ማን ይወጣል? ግሸን ምስክር ነው።

ላስታ
ስለዚህ ነዋ መዝገብህ የማይነግርህ! የተጠመቀ ሰው ቢቀር፣ ቢሰደድ፣ ሌላ ቤት ቢገባ ከክርስትና መዝገቡ የሚፍቀው የለም። ቆጠራውን እይ። በእኛ አቆጣጠር በ1987 ኦርቶዶክስ ከመቶ 50.6 ነበር፣ በ1999 43.5 ሆነ። በዚያው ጊዜ ፕሮቴስታንቱ ከ10.2 ወደ 18.6 ወጣ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም።

የደሴ ልጅ
ድርሻው ወረደ እንጂ ሰው አልጎደለም። የአገሩ ሕዝብ ከ53 ሚሊዮን ወደ 73 ሚሊዮን ተኩል አልፏል፤ አስላው፣ ኦርቶዶክሱ ከ27 ሚሊዮን ገደማ ወደ 32 ሚሊዮን ጨምሯል። የጨመረን ሕዝብ ቀነሰ አትበሉ።

ወረባቦ
ወንድሜ፣ በዚያው ቆጠራ ደቡብ ወሎ ከመቶ 70 በላይ ሙስሊም ነው። ስለ ወሎ ሃይማኖት እያወራህ ግሸንን ብቻ ምስክር ስትጠራ እኛን የት ጣልኸን?

የደሴ ልጅ
አብሽር፣ እናንተንም አልረሳሁም። መውሊድ ሲደርስ የወሎው ጀማ ንጉሥ መስጊድ አይሞላም?

ወረባቦ
ይሞላል፤ የመውሊድ እንግዳ ግን የዓርቡን የጁምዓ ሶላት አያቆምልህም። በሻፊዒይ መዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ መንገድ) ለጁምዓ 40 ወንድ ያስፈልጋል፤ ያውም ለአቅመ አዳም የደረሰ፣ እዚያው ቀዬ የሚኖር። መንገደኛ ከ40ው አይቆጠርም። ሌላው መዝሀብ ሐነፊው ከኢማሙ ሌላ 3 ሰው ይበቃል ይላል። እንግዲህ ወጣቱ ጅቡቲና ሳዑዲ የሄደበትን ቀዬ አስብ፤ አንድም ሰው ሃይማኖቱን ሳይተው 40ው ይጎድላል፣ የቀሩት ተራውን የቀትር ሶላት ዙህርን ሰግደው ይበተናሉ። የሚያቀራ፣ ኪታብ የሚያስተምር ሸኽ ሲሞትም እንዲሁ ነው። ኪታቡ አለ፣ ደረሳውም (ተማሪውም) ይመጣል፤ ፊቅሁን፣ የሃይማኖቱን ሕግ፣ መስመር በመስመር የሚፈታለት ከሌለ ወደ ከተማ ይሄዳል። የወሎዋን የእስልምና ትምህርት ማዕከል ዳናን ያስከበራት ሕዝብ ስለተሰበሰበ አይደለም፣ የሚያቀሩ ዑለሞች ስለነበሯት ነው።

መሪጌታ ዘደላንታ
ልጆቼ፣ የወረባቦው ልክ ነው፣ በእኛም ቤት እንዲሁ ነው። ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን አይገባም፤ ሁለት ካህናት፣ ሦስት ዲያቆናት። ሠራዒው (መሪው) ካህንና ንፍቁ (ረዳቱ)፣ ሠራዒው ዲያቆንና ንፍቁ፣ አምስተኛው መብራት ያዡ። አንዱ ከታመመ ወይም ከቀረ ምእመኑ ቅጽሩን ቢሞላው እንኳ የኪዳን ጸሎት ደርሶ ይበተናል እንጂ ቅዳሴ የለም። ዲያቆኑ ሌሊት የኅብስት ቤቱ ቤተ ልሔም ገብቶ ኅብስቱን ይጋግራል፤ የትናንት ኅብስት አይሠዋም። ዘቢቡ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል። ስንዴው፣ ዘቢቡ፣ ጧፉና ዕጣኑ ሁሉ በገንዘብ ነው።
ዲያቆንም በአንድ ክረምት አይገኝም። ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክቱንና ወንጌሉን አንብቦ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ማታ ማታ የቃል ትምህርቱን አጥንቶ ነው ጳጳስ ፊት የሚቀርበው። ከተሾመ በኋላ ያለ ቁርባን ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል፤ አምስቱ አራት ይሆናሉ። በዋድላና በደላንታ ቅኔ ሲዘረፍ የኖረው ተማሪውን ቁራሽ ሰጥቶ የሚያሳድር መንደር ስለነበረ ነው። መንደሩ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚፈታው ጉባኤ ቤቱ፣ የቆሎ ተማሪው ትምህርት ቤት ነው፤ ዲያቆን የሚጠፋው ከዚያ በኋላ፣ ቅዳሴ የሚታጎለው ደግሞ ከሁሉ ኋላ ነው። ግሸን ላይ ቆሞ ይህን ማየት አይቻልም።

የደሴ ልጅ
መሪጌታ፣ እርስዎን ከማክበር ጋር፣ ይህ የአገልጋይ እጥረት ነው። እኔ የተናገርሁት ስለ አማኝ ነው።

አምባሰል
አገልጋዩ ከአማኙ ቤት አይደለም እንዴ የሚወለደው? ልጁን ለቆሎ ትምህርት የሚለቅ አባት ሲያንስ ምን ቀነሰ ልትል ነው?

ኮምቦልቻ
ዲያቆኑን የወሰደው ከተማው ነው፣ እሱን ተናገሩ። የከተማ ደብር ደመወዝ ይከፍላል፤ ገጠሩ የሚከፍለው የለውም። በየካቲት 1967 በአዋጅ ቁጥር 31 ካህኑ ለአገልግሎቱ የሚይዘው የሰሞን መሬት ከሄደ ጀምሮ የገጠር ቄስ እንደማንኛውም ገበሬ አርሶ አዳሪ ነው። የሰበካ ጉባኤው ዓመታዊ መዋጮ ጧፍና ዕጣን እንኳ አይሸፍንም፤ ከእሱም ላይ የወረዳ ቤተ ክህነቱ ፐርሰንት ይነሣል።

ላስታ
መሬቱን ደርግ ወሰደው፣ እሺ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምእት ዓመት አልፏል። ከተማ ያለው የገጠር ተወላጅ ለትልቁ ደብር ጉልላት ሲያዋጣ ለተወለደበት አጥቢያ ዲያቆን ቀለብ ቢቆርጥ ማን ከለከለው?

ኮምቦልቻ
ጉልላቱን አትንካ። የከተማው ደብር ባይቀጥራቸው እነዚያ ዲያቆናት ቀን ሠራተኛ ነበሩ።

ላስታ
ገጠር ሦስቱ ሲጎድሉ ከተማ ሠላሳ ዲያቆን በአንድ ማኅሌት መቆሙ ነው የሚያንገበግበኝ።

የደሴ ልጅ
ሠላሳ ዲያቆን ካለን ታዲያ ምኑ ነው የቀነሰው? እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው።

መሪጌታ ዘደላንታ
ልጄ፣ ከሠላሳው ሦስቱን በየሳምንቱ ሰሞነኛ (የሳምንቱ ተረኛ አገልጋይ) አድርጋችሁ ወደ ገጠር ላኩልኝ። የመኪናውንና የስንቁን ወጪ ደብሩ ይቻል። ያን ጊዜ አብረን እንቆጥራለን።

ኮምቦልቻ
መሪጌታ፣ የከተማውን ሰሞን ማን ይሸፍን?