የፖርትፎሊዮ ዝግጅት መርሐ ግብር፦ የጋራ ሐሳቡን ረቂቅ አብረን እናርም

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ወደ ሙያው ለሚገቡ ጀማሪ ዲዛይነሮች ልናዘጋጅ ያሰብነውን የፖርትፎሊዮ መርሐ ግብር የሚመለከት የመጀመሪያ ረቂቅ አቅርቤአለሁ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ መርሐ ግብሩ 12 ሳምንታት ይፈጃል፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ለዲዛይን ሶፍትዌር ሥልጠና ይውላሉ፤ በቀሩት ስድስት ሳምንታት ተሳታፊው ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ ሥራዎቹን መርጦና አስተካክሎ ለቀጣሪ ወይም ለደንበኛ የሚያሳየው ስብስብ ይዞ ይወጣል። ሐሳቡ ለሥራ አስፈጻሚው የሚቀርበው በሁላችንም ስም ስለሆነ፣ የማትስማሙበትን አንቀጽ ከነምክንያቱ እንድትጽፉልኝ፣ ከተቻለም ይተካ የምትሉትን ቃል እንድታስቀምጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የኅትመት ዲዛይን ዘርፍ ተወካይ፦
ጸሐፊያችን ለደከሙበት ረቂቅ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ ሆኖም በሁለት ነጥቦች አልስማማም። አንደኛው ቁጥሩ ነው። ሠራተኛ ለመቅጠር ብዙ ስብስቦችን ያገላበጥሁ እንደ መሆኔ የምመሰክረው፣ ገምጋሚ የሥራዎቹን አማካይ እንደማያወጣ ነው፤ ደካማውን ሥራ ሲያይ «ይህ ሰው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ይችላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ጠንካሮቹንም በጥርጣሬ ነው የሚያያቸው። ሃያ ሥራ ያቀረበ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው መምረጥ እንዳቃተው ነው። ስለዚህ «ከ5 እስከ 7» ተብሎ ቢስተካከል፣ ከሁሉ የሚበልጠው ከፊት፣ እርሱን የሚከተለው ደግሞ ከመጨረሻ እንዲቀመጥ ቢደረግ እመርጣለሁ።

ሁለተኛው የሶፍትዌሩ ስድስት ሳምንታት ናቸው። በአንድ ወቅት ፍላሽን፣ ማለትም ለድረ ገጽ ተንቀሳቃሽ ሥራዎች ማዘጋጃ የነበረውን ሶፍትዌር፣ የማያውቅ የድረ ገጽ ዲዛይነር ሙያተኛ አይመስልም ነበር፤ ፖርትፎሊዮአቸውን በሙሉ በፍላሽ የሠሩ ባልደረቦችም ነበሩኝ። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉን ሲያቋርጥ እነዚያ ስብስቦች በተሠሩበት መልክ የማይከፈቱ ሆኑ። ሰዎቹ ግን የፊደልን፣ የቀለምንና የባዶ ቦታን ሚዛን ያውቁ ስለ ነበር ሥራ አላጡም። መሣሪያውን ተሳታፊው በራሱ ጊዜ ይልመደው፤ የእኛ ጊዜ ብቻውን ተቀምጦ ሊያገኘው በማይችለው ነገር ላይ፣ ይኸውም ሥራን ፊት ለፊት በመተቸት ላይ ይዋል።

የመተግበሪያ ዲዛይን ዘርፍ አባል፦
በቁጥሩ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሥራዎቹ ጥቂት ከሆኑ እያንዳንዳቸው ምን መናገር እንዳለባቸው ረቂቁ በዝምታ ሊያልፈው አይገባም። ያለቀለት ምስል ብቻውን ሲቀርብ፣ ታስቦበት የተሠራው በአጋጣሚ ከተገኘው አይለይም። ሚልተን ግሌዘር እ.ኤ.አ. በ1976 ለኒው ዮርክ የሠራው፣ ቀይ ልብ ያለበት ዝነኛ አርማ የመጀመሪያ ንድፍ፣ ታክሲ ውስጥ በቁራጭ ፖስታ ላይ በቀይ ክሬዮን የተሞነጫጨረ ነበር፤ ያ ቁራጭ ወረቀት ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። የእኛ ጀማሪዎች ግን ሥራው እንዳለቀ መጀመሪያ የሚጥሉት ረቂቁን ነው።

ይሁን እንጂ «ሂደታችሁን አሳዩ» የሚለው ምክር ከተስፋፋ ወዲህ ሂደት ራሱ ማስመሰያ ሆኗል። የብሪታንያ የዲዛይን ምክር ቤት ያስተዋወቀው፣ የዲዛይን ሂደት ሐሳብን ሁለት ጊዜ እያሰፋና እያጠበበ እንደሚሄድ የሚያሳየው የሁለት አልማዞች ሥዕል በየስብስቡ ተለጥፎ አያለሁ፤ ሥራው በዚያ መንገድ እንዳልሄደ ግን ሁለት ጥያቄ ሲጠየቅ ይታወቃል። እኛ የምንፈልገው ውሳኔውን ነው። «ቀለሙን ማራኪ እንዲሆን መረጥሁት» ከሚለው ይልቅ፣ «በነጭ ላይ የነበረው ግራጫ ጽሑፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ መጠን ጽሑፍ የሚጠይቀውን የ4.5 ለ1 ንፅፅር ስላላሟላ አጠቆርሁት፤ በዚህ ምክንያት ርእሱ ጎልቶ መታየቱን ስላጣ መጠኑን ጨመርሁ» የሚለው አንባቢው ሊከራከርበት የሚችል ነገር ይሰጠዋል። ስለዚህ ተሳታፊው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የውሳኔ ማስታወሻ እንዲይዝ፣ የተጣሉ አማራጮችንም ቀን እየጻፈባቸው እንዲያስቀምጥ የሚያዝ ሐረግ ይግባ። ማስታወሻው ሥራው ካለቀ በኋላ ከተጻፈ ሁሉም ነገር አስቀድሞ የታቀደ ይመስላልና።

በቅርቡ ሥራ የጀመርሁ አባል፦
ታላላቆቼ የጻፋችሁትን በጥሞና አንብቤአለሁ፤ ለመርሐ ግብሩ ተሳታፊዎች ከሁላችሁ የምቀርበው እኔ ስለሆንሁ ሁለት ነገር ላክል። ደንበኛ ኖሮት የማያውቅ ሰው አምስቱን ሥራ ከየት ያመጣል? አብዛኞቻችን የታወቀ ድርጅት አርማ ወስደን በራሳችን ፈቃድ እንደ አዲስ እንሠራለን፤ እኔም ሦስት እንዲህ ያሉ ሥራዎች ነበሩኝ። አሁን ሳያቸው ችግራቸው ይገባኛል፤ የሚቆጣጠረኝ በጀት፣ የሚያርመኝ ሰው፣ የጊዜ ገደብም አልነበረም፤ ስለዚህ ያስረዳኋቸው ውሳኔዎች በሙሉ የመውደድና የመጥላት ጉዳዮች ነበሩ። ይልቁንም ሰዎች ሲሳሳቱበት በዓይኔ ያየሁትን የማመልከቻ ቅጽ እንደገና ሠርቼ፣ አሮጌውንና አዲሱን አምስት ሰዎች ሲሞሉት አጠገባቸው ቆሜ የተመለከትሁበት ሥራ ነበር ቃለ መጠይቅ ያስጠራኝ። ረቂቁ በራስ አነሳሽነት የሚሠራን ሥራ ይፍቀድ፤ እውነተኛ ችግርና ቢያንስ አንድ እውነተኛ ተጠቃሚ እንዲኖረው ግን ያስገድድ።

ሁለተኛው የቡድን ሥራ ነው። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቄ ለአራት የሠራነውን ፕሮጀክት አቅርቤ፣ «የአንቺ ድርሻ የትኛው ነው?» ስባል ለሦስት ጊዜ ያህል «እኛ» እያልሁ መለስሁ። ጨዋነት መስሎኝ ነበር፤ ጠያቂዎቹ ግን ምንም እንዳልሠራሁ ቆጠሩት። ሥራውንም አላገኘሁም።

የውልና የቅጂ መብት ጉዳዮችን የሚከታተል አባል፦
እኅታችን ያነሱት ጉዳይ ሥነ ምግባርንም ሕግንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1928 ሮም ላይ የተሻሻለው፣ ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል የሆነው የበርን ስምምነት፣ የሥራ አመንጪ የኢኮኖሚ መብቱን ለሌላ ካስተላለፈ በኋላ እንኳ ሥራው የእርሱ መሆኑን የማሳወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በተግባር የሚኖረው ወሰን ግን በየአገሩ ሕግ ይለያያል። ጀማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ማለት መቻል፣ ሥራውን አባዝቶ በአደባባይ ለማሳየት ፈቃድ አይደለም። መብቱን የገዛ ደንበኛ ወይም የምስጢር ጥበቃ ውል ያስፈረመ ቀጣሪ ሊከለክል ይችላል፤ የምስጢር ውል የተፈረመበትን ሥራ የድርጅቱን ስም አጥፍቶ መለጠፍም ብዙ ጊዜ ከተጠያቂነት አያድንም። የሚሻለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ዲዛይነሩ ሥራው ለሕዝብ ከወጣ በኋላ በፖርትፎሊዮው ሊያሳየው ይችላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በውሉ ማስገባት ነው። በድርድሩ መጀመሪያ ላይ ሲጠየቅ ደንበኞች እምብዛም አይከራከሩበትም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ አመልካችን ያለ ክፍያ የቀናት ሥራ የሚያሠሩ «የሙከራ ፈተናዎች» ላይ ማኅበሩ አቋም እንዲይዝ እጠይቃለሁ።

የኅትመት ዲዛይን ዘርፍ ተወካይ፦
የቴክኒክ ዝርዝሩን በአንድ አንቀጽ ብናልፈው ይበቃል፤ በኢሜይል የሚላክ፣ ክብደቱ ቀላል የሆነ ፒዲኤፍ እና በስልክም የሚነበብ ድረ ገጽ ይዘጋጅ። ለኅትመት የተሠራ ነገር ያለው ተሳታፊ የታተመውን ቅጂ ይዞ ይምጣ፤ በስክሪን ያማረ ቀለም በወረቀት ላይ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ መሆኑ የሚታየው በእርሱ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
አስተያየቶቻችሁን አካትቼ ዋናውን አንቀጽ እንዲህ አሻሽየዋለሁ፦ «ተሳታፊው በ12 ሳምንታት ውስጥ ከ5 እስከ 7 ሥራዎችን ያዘጋጃል፤ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ከመጀመሪያ ረቂቅ እስከ ፍጻሜ በውሳኔ ማስታወሻ የተደገፉ ይሆናሉ። በራስ አነሳሽነት የተሠራ ሥራ የሚታወቅ ችግርና የሞከረው ተጠቃሚ ሊኖረው ይገባል። በቡድን ሥራ ሥር የእያንዳንዱ አባል ድርሻ በስምና በተግባር ይጻፋል፤ የሥራ ባልደረቦቹም መግለጫውን አስቀድመው ያያሉ። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ የትችት ጉባኤ ይካሄዳል፤ ገምጋሚዎቹ ስብስቡን ለ10 ደቂቃ በዝምታ አይተው የተረዱትን ከተናገሩ በኋላ ነው ባለቤቱ የሚናገረው።» የሶፍትዌር ሥልጠናው ተሰርዟል።

የኅትመት ዲዛይን ዘርፍ ተወካይ፦
ሁሉንም እቀበላለሁ፤ አሥር ደቂቃው ግን ለጋስነት ነው። እኔ ራሴ ማመልከቻ ሲከመርብኝ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ሰጥቼ አላውቅም፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ ነው። ተሳታፊው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚታይለትና ምን እንደሚቀርበት ይወቅ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
«2 ደቂቃ» ተብሎ ተስተካክሏል። ክፍያ የሌላቸውን የሙከራ ፈተናዎች የሚመለከተው ጥያቄ ከፖርትፎሊዮው አንቀጽ የሰፋ ስለሆነ ለብቻው አጀንዳ አስይዤዋለሁ፤ የውል ጉዳዮችን የሚከታተሉት አባላችን መነሻ ጽሑፉን እንዲያዘጋጁ እጠይቃለሁ።

የውልና የቅጂ መብት ጉዳዮችን የሚከታተል አባል፦
እሺ፣ አዘጋጃለሁ። በቅርቡ ሥራ የጀመሩት እኅታችን የደረሰባቸውን ፈተናዎች ቢነግሩኝ ጽሑፉ ከመሬት የሚነሣ ይሆናል።

በቅርቡ ሥራ የጀመርሁ አባል፦
አራት ናቸው፤ አንዱ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ስማቸውን ሳልጠቅስ እጽፍልዎታለሁ።