«ጎመን የተተከለበት ሁሉ ጋርደን አይባልም» ያሉት ጋሼ ይመለሱልን

የአናንዴል ሹፌር፦
ትናንት ማታ እዚህ የቨርጂኒያ ሐበሾች ገጽ ላይ የተጻፈውን አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እትዬ ጤናዳም በጨዋ ደንብ አንድ ሐሳብ አመጡ። በጁን አንድ ቅዳሜና እሁድ አሥር የሐበሻ ቤት ጓሮውን ይክፈት፣ የመጣ ሰው 15 ዶላር ከፍሎ ይጎብኝ፣ ገንዘቡ ለልጆቹ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ይሁን አሉ። አለቀ። ጋሽ አርሊንግተን ምን ብለው መለሱ? «እኔ የቨርጂኒያን የአትክልት ሳምንት ዞሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። የኛ ሰው ጓሮ እንጂ አትክልት ቦታ የለውም። ጎመን የተተከለበት ሁሉ ጋርደን አይባልም።» እናቴ ሦስት ክረምት ተንበርክካ የኮተኮተችውን መደብ ነው እንዲህ የሚሉት። ይመለሱልኝ።

ጋሽ አርሊንግተን፦
ወንድሜ ረጋ በል፣ እናትህን ማን ነካ? ነገር ደረጃ አለው ነው ያልኩት። ይኼ የአትክልት ሳምንት፣ ሰው ትኬት ቆርጦ የሰው ቤትና ግቢ የሚጎበኝበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ በየኤፕሪሉ የሚደረግ ነው። የሚያዘጋጁት የአትክልት ክበብ ሴቶች ከዚያ በፊት በ1927 የአበባ ትርኢት አዘጋጅተው 7,000 ዶላር ሰብስበው በሞንቲቼሎ፣ በፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን የድሮ ግቢ፣ የሰውየውን ዛፎች አድነዋል። እስከ ዛሬም በትኬቱ ገንዘብ ታሪካዊ ግቢዎች ይጠግኑበታል። ሰው ቤቱን ሲከፍትልህ ቱሊፑ ተሰልፎ፣ አጥሩ ተስተካክሎ ነው። አንተ የምታሳየኝ የጎመን መደብ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም አትጥራብኝ።

ኮንዶ ሰባተኛ ፎቅ፦
እኔ ጓሮም ጋርደንም የለኝም። በረንዳ ላይ አንድ ባልዲ በሶብላ አለች። ስንት ላስከፍል?

እትዬ ጤናዳም፦
ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ጸቡን ግን አላመጣሁም። ጋሼ፣ ትኬቱን ስንት ገዙት?

ጋሽ አርሊንግተን፦
ዋጋው ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው?

የአናንዴል ሹፌር፦
የሁለት ሰው ክትፎ ዋጋ ነው፣ እኔ ልንገርዎት። አምና እንግዶች ጭኜ ሄጄ በራፉ ላይ ጠብቄያለሁ።

ሻርለትስቪል ነኝ፦
ጋሼ፣ ሞንቲቼሎን ባያነሱ ይሻልዎት ነበር። ቤቴ ከዚያ አሥር ደቂቃ ነው፣ ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ይዤ እሄዳለሁ። ጄፈርሰን ኮረብታውን አስቆርጦ 1,000 ጫማ ርዝመት ያለው መደብ አሠርቷል። ምን ሊተክልበት? አትክልት! አተር፣ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ ባቄላ፣ ጎመን። 330 ዓይነት ነው የሚሉት። አስጎብኚዋ ስለ አተሩ ብቻ ሩብ ሰዓት ታወራለች። ሰው ከፍሎ የሚያየው የጎመን መደብ ነው እንግዲህ።

የአናንዴል ሹፌር፦
😂😂😂 ጋሼ የት ገቡ?

ጋሽ አርሊንግተን፦
እዚሁ አለሁ። ያኛው ታሪክ ነው። ሰውየው የዘራበትን ቀን፣ የበቀለበትን ቀን፣ ማዕድ ላይ የቀረበበትን ቀን ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ነው። አንተ እናትህ ጎመኑን መቼ እንደዘሩት ታውቃለህ?

የአናንዴል ሹፌር፦
አውቃለሁ። ልደታ ሰሞን። የሳሎን መጋረጃዬን አውርዳ ለችግኙ ብርድ መከላከያ ስላደረገችው አልረሳውም።

እዚህ ያደግሁ፦
ይቅርታ፣ አማርኛዬ ደካማ ነው። «ጄፈርሰን አሠርቷል» ስትሉ ማን ቆፈረው? ባሪያዎች ናቸው። በሕይወት ዘመኑ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። አትክልተኛው ወርምሊ ሂዩዝ ይባላል፣ እሱም ባሪያ ነበር። ጄፈርሰን ሲሞት መቃብሩንም የቆፈረው እሱ ነው። በዚህ የአትክልት ሳምንት የሚጎበኙት አንዳንዶቹ ግቢዎች የድሮ ፕላንቴሽን፣ በባሪያ ጉልበት የሚለሙ ሰፋፊ እርሻዎች፣ የነበሩ ናቸው። እኔ ለዚያ ትኬት አልቆርጥም። እናንተ ደግሞ እንደ ምሳሌ ታቀርቡታላችሁ!

ጋሽ አርሊንግተን፦
ልጄ፣ ሁሉም ፕላንቴሽን አይደለም። እኔ የገባሁባቸው የአሌክሳንድሪያ የከተማ ቤቶች ናቸው። የጠረጴዛ ጨርቅ የምታህል ግቢ አላቸው፣ ግን ምን የመሰለች ናት።

እዚህ ያደግሁ፦
አሌክሳንድሪያም ባሪያ ይሸጥ ነበር ጋሼ።

ሻርለትስቪል ነኝ፦
ልጁ ልክ ነው፣ እኔም መጨመር ነበረብኝ። እዚያው ሞንቲቼሎ ባሪያዎቹ ለራሳቸው ትንሽ ትንሽ ጓሮ ነበራቸው። ሥራ ጨርሰው ማታና እሁድ ያለሙትን አትክልት ለጌታው ቤት ይሸጡ እንደነበር የልጅ ልጁ የሂሳብ መዝገብ ያሳያል። 1,000 ጫማ መደብ ያለው ቤት ከባሪያዎቹ ጓሮ አትክልት ይገዛል! እኔን ብትጠይቁኝ መጎብኘት ያለበት ያ ጓሮ ነበር። ዛሬ ግን የለም።

የሐዋሳ ልጅ፦
ምን ሩቅ ወሰዳችሁ? «ጓሮ እንጂ አትክልት ቦታ የለንም» የሚለው ሰው ደቡብን አያውቅም። እኛ ጋ ጓሮው ቤቱን አቅፎት ነው የሚኖረው። እንሰቱ ከጀርባ፣ ቡናው በጥላው ሥር፣ ጎመኑ ከደጃፍ፣ ሳሩ ከፊት። የጌዴኦን እርሻ ዩኔስኮ በ2023 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። እንሰትና ቡና ነው ያለበት፣ ቱሊፕ የለበትም። ፈረንጅ ቅርስ ሲለው ጋሽ አርሊንግተን «ጓሮ» ይሉታል።

ጋሽ አርሊንግተን፦
አናንዴል ውስጥ እንሰት ያለው ሰው እጁን ያውጣ።

የሐዋሳ ልጅ፦
እኔ አለኝ። በበርሜል። ክረምት ሲመጣ ጋራዥ አስገባዋለሁ፣ መኪናው ውጭ ያድራል።

ባለቤቱ፦
ያ መኪና የኔ ነው። በረዶ የምጠርገውም እኔ ነኝ።

የጤፍ ነጋዴ፦
አንድ ነገር ግን ላርም። ሁላችሁም «ጎመን ጎመን» ትላላችሁ፣ እዚህ የምትተክሉት ኮላርድ ነው። ኮላርድ የሐበሻ ጎመን አይደለም። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ሁለት ሰዓት ይቀቀላል። የኛው በእጅ ይቀነጠሳል፣ ወዲያው ይበስላል፣ ጎመን ዘሩም ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል።

የአናንዴል ሹፌር፦
የእናቴ ከአገር ቤት የመጣ ዘር ነው።

የጤፍ ነጋዴ፦
ዘር በሻንጣ? በጉምሩክ እንዴት አለፈ?

የአናንዴል ሹፌር፦
ይህን ጥያቄ አልሰማሁም። አድሚን፣ አጥፋልን።

ኬክ ጋጋሪዋ ከለንደን፦
ከሩቅ ሆኜ ስስቅ ነበር፣ አሁን ግን ልግባ። እዚህ እንግሊዝ ይኼ ነገር በ1927 ነው የተጀመረው፣ ለሰፈር ነርሶች ገንዘብ ለማሰባሰብ። በመጀመሪያው ዓመት 609 ግቢ ተከፈተ፣ መግቢያው በሰው አንድ ሽልንግ። ዛሬም ክፍት ግቢዎቹ የተዘረዘሩበትን ቢጫ መጽሐፍ እያገላበጡ ነው የሚዞሩት። እኔ ጎረቤቴ ጋ ሁለት ዓመት ኬክ ጋግሬ ረድቻለሁ። ጋሼ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ከማዘጋጃ ቤት መሬት ተከራይተው ድንችና ጎመን የሚያለሙ ሰዎች ቦታም አለ። ማንም «ይኼ ጋርደን አይደለም» ብሎ አልመለሳቸውም። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰዉ ግማሹ የሚመጣው ለኬኩ ነው።

እትዬ ጤናዳም፦
እኛም ቡና እናፈላለን። ቄጠማ እንጎዘጉዛለን። ከጤና አዳሙ ቀንጥበን ስኒው ላይ ጣል እናደርግላቸዋለን። የትኛው ቱሊፕ ነው ስኒ ውስጥ የሚገባው?

ኮንዶ ሰባተኛ ፎቅ፦
እትዬ፣ እኔ ለዚህ 20 እከፍላለሁ።

የስተርሊንግ እናት፦
ልጆቼ፣ እኔ አልከፍትም። ጓሮዬን አርባ ሰው ገብቶ «ውይ! ውይ!» ሲለው ውሎ ያድራል? ዓይን የሚባል ነገር አለ። አምና አንዲት ሴት ቃሪያዬን አይታ «እንዴት ያለ ቃሪያ ነው» አለች። በሳምንቱ ድርቅ አለ።

እዚህ ያደግሁ፦
ምናልባት ውሃ አጥቶ ይሆናል እማማ?

የስተርሊንግ እናት፦
ውሃስ አጠጥቼዋለሁ። አንተ ገና ልጅ ነህ።

የጤፍ ነጋዴ፦
አጋዘን ነው የሚሆነው። የኔን በሙሉ የበላው አጋዘን ነው።

የስተርሊንግ እናት፦
አጋዘን ይበላል እንጂ አያደርቅም።

ፌርፋክስ ኪራይ ቤት፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ጓሮ ያለው ማነው? ቤት የገዛ። ትኬት የሚቆርጠውስ? የተከራየ። እኛ 15 ዶላር ከፍለን የናንተን ሳር ልናይ! የጎመን ክርክሩ ሽፋን ነው፣ «ቤቴን እዩልኝ» ነው ነገሩ። መጀመሪያ ጓሮ፣ ቀጥሎ ኩሽና፣ ቀጥሎ «ቤዝመንቱን ጨርሰነዋል፣ ኑ ላሳያችሁ»።

የአናንዴል ሹፌር፦
እንደ እውነቱ ከሆነ ቤዝመንቱን ጨርሻለሁ።

ፌርፋክስ ኪራይ ቤት፦
አላልኳችሁም?

እትዬ ጤናዳም፦
እህቴ፣ ገንዘቡ እኮ ለልጆቹ ነው። ላንቺም ልጅ።

ፌርፋክስ ኪራይ ቤት፦
ለልጆቹ ከሆነ ባርኔጣ አዙሩ፣ ሁላችንም እንጣል። ለመዋጮ ጉብኝት ምን ያስፈልጋል?

ጋሽ አርሊንግተን፦
በስንት ጊዜ አንድ አስተዋይ ሰው ተናገረ። በዚያ ላይ ጊዜውም አይሆንም። የፈረንጆቹ ቱሊፕ በኤፕሪል ሲያብብ የናንተ በሶብላ ገና መስኮት ላይ በእርጎ ቆርቆሮ ነው።

እትዬ ጤናዳም፦
ለዚያም አይደል ጁን ያልኩት? አላነበቡትም እንዴ? ጋሼ፣ ጓሮ ሲያዩ ብቻ ሳይሆን ጽሑፍ ሲያነቡም ላይ ላዩን ነው ማለት ነው።

የአናንዴል ሹፌር፦
🔥

የማናሳስ ደብዳቤ፦
እናንተ ስለ ጋርደን ትከራከራላችሁ፣ እኔ ከኤችኦኤ፣ ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ደብዳቤ ደርሶኛል። ከቤቱ ፊት ለፊት «የሚበላ ተክል» መትከል አይቻልም ይላል። ጽጌረዳ ይቻላል። ሦስት ጎመን ነው የነበረኝ። የጋሽ አርሊንግተንን ሐሳብ ሳነብ ደብዳቤውን የጻፉት እሳቸው መሰሉኝ።

ጋሽ አርሊንግተን፦
እኔ ኤችኦኤ አይደለሁም! ፊት ለፊት ግን ጎመን አይተከልም። አገር ቤትም ከጓሮ ነበር። ስሙ ራሱ የጓሮ ጎመን ነው።

የሐዋሳ ልጅ፦
እኛ ጋ ደጃፍ ላይ ነው አልኩዎት እኮ። «አገር ቤት» ሲሉ የትኛውን ነው?

አድሚን፦
እዚህ ላይ ቁሙ። «የትኛው አገር ቤት» የሚለው መስመር ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ፣ ባለፈው ሦስት ሰው አስወጥቶብናል። ስለ ጓሮ ብቻ። ቤቱን መክፈት የሚፈልግ ስሙን ይጻፍ።

እትዬ ጤናዳም፦
1. እኔ

የአናንዴል ሹፌር፦
2. እኔ። እናቴን ገና አልጠየቅኋትም።

ኮንዶ ሰባተኛ ፎቅ፦
3. በረንዳዬ። በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ይገባል።

የሐዋሳ ልጅ፦
4. ጋራዡን ጨምሮ።

ባለቤቱ፦
4 ይሰረዝ።

የአናንዴል ሹፌር፦
እናቴን ጠየቅኋት። «ስንት ሰው ነው የሚመጣው፣ ምን ይበላሉ?» አለች። ማየት ብቻ ነው ብላት «ሰው ጎመን አይቶ ብቻ ይሄዳል?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። 2 ለጊዜው ይቆይ።

ጋሽ አርሊንግተን፦
እንግዲህ እናትየዋም ገባቸው። የሚታይ ሳይሆን የሚበላ ነው። ያልኩትም ይህንኑ ነው፣ ጎመን ጋርደን አይደለም።

የጤፍ ነጋዴ፦
ኮላርድ።